አውራ ጣት

አራተኛ «ለ» ክፍል፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
በልጆች ዴስክ ላይ ጉልበታችን ታጥፎ፣
ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሐሙስ ያስተማርኩት
ክፍልፋይ ሒሳብ ሳይጠፋ ተጽፎ፣
ወረቀት እንቆጥራለን።

ፋኖስ።
ጃንጥላ።
ፋኖስ።
ጃንጥላ።
እንደ ተጠመዱ በሬዎች፣ አንዱ ሳይቀድም ሌላ።
የኮምቦልቻ ወበቅ በቆርቆሮው ሥር ታፍኗል፣
የሉባባ ሻሽ ረጥቧል፣ የጌጡ ድምፅ ሰልሏል።
መብራቱ ሁለቴ ሄዶ አንዴ ብቻ ተመለሰ፣
ከዚያ ወዲያ ሻማ ነው፣ እሱም እያነሰ።

ሁለት መቶ አሥራ አራት ለፋኖስ፣
ለጃንጥላም ሁለት መቶ አሥራ አራት፤
ከሳጥኑ ጥግ ተጣብቃ የቀረች
አንዲት ወረቀት።

ገለጥኳት።
አሻራው ፋኖሱም ላይ የለ፣ ጃንጥላውም ላይ የለ፤
ሁለቱን ቤት በሚለየው ቀጭን መስመር ላይ ዋለ።

«ወደ ፋኖስ ያደላል» አለ ጌጡ፣ መነጽሩን አስተካክሎ፤
«ያደላስ ዓይንህ ነው» አለች ሉባባ፣ «ይኸው ጃንጥላው ሥር ተጠልሎ!»
የእኔን ማስመሪያ አንሥተው ለኩት፦
ሁለት ሚሊሜትር ወዲህ፣
ሁለት ሚሊሜትር ወዲያ።

እኔ ያየሁት ሌላ ነው።
አሻራውን ለሁለት የከፈለች ነጭ ሰረዝ፤
ፈትል ክፍል፣ የሌሊት ፈረቃ፣ ማሽን የነከሳት ጠባሳ።
ቁስሉ እስኪሽር፣ ልጅ ሳለሁ፣
ሸሚዙን የቆለፍኩለት እኔ ነኝ።
ይህን ጣት አውቀዋለሁ።

አባቴ ሙሄ ይማም
በጥር የጃንጥላን ካናቴራ ለብሶ አየነው፣
በመጋቢት ኮፍያው ላይ ፋኖስ ነው፣
ሚያዝያ ሲገባ ካናቴራውም ኮፍያውም አብሮ ነው።
«በሁለት ቢላ ይበላል» አለው ሰፈሩ።
ሌሊት ሌሊት ፖስተር የሚለጥፈው ወንድሜ ሰላምታ ነሣው፣
አጎቴ ክንፈ ደጃፉን ሲያልፍ ጃኖውን ወደ ዓይኑ ሳበ።
እሱ ጎሚስታ ቤት፣ ከተሳቢ ሾፌሮች መሐል፣ ጎማ ላይ ተቀምጦ፦

«ወላወለ አላችሁኝ አይደል?
ሐረጎን ቀጥ ብሎ የወጣ መኪና አይታችሁ ታውቃላችሁ?
ግራ ካልታጠፋችሁ፣ ቀኝ ካልታጠፋችሁ፣
ደሴ ሳትደርሱ ገደል ነው ማደሪያችሁ!»

ሾፌሮቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ።

የዋዜማው ማታ ግን መጣ ቤቴ ድረስ፣
ኮፍያ የለ፣ ካናቴራ የለ፣ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ፦
«አንደኛው ጡረታዬን ሳያጓድል ከፍሎኛል፣ ውለታ አለብኝ፤
ሌላው የተናገረው እውነት ግን እንቅልፍ ነሣኝ።
የቱን ልክዳ? አንቺ ፊደል የቆጠርሽው፣ ንገሪኝ።»

«የምርጫ ሠራተኛ ነኝ፣ አልናገርም» አልኩት።
ደንቡ እንዲያ ይላል። በደንቡ ሸኘሁት።

ጠዋት መጋረጃው ጀርባ ብዙ ቆየ።
የሚታየኝ ጫማው ብቻ ነበር፣
ተረከዙን ሲያነሣ፣ መልሶ ሲያሳርፍ፣ ሲያነሣ።
ሰልፉ አጉረመረመ። ዘበኛው ሳለ፣ ደግሞ ሳለ።

«መምህርት፣ አንቺ ዳኚን» አሉኝ ሁለቱም ባንድ አፍ።
ስንት ጊዜ ልጆቹን «ግማሽ መልስ የለም» ብዬ ዜሮ ሰጥቻለሁ፣
እዚሁ ክፍል፣ እዚሁ ሰሌዳ ሥር፣
በቀይ እስክሪብቶ።

«የማይቆጠር፣ አንድ» ብዬ ጻፍኩ።
ፈረሙ። እኔም ፈረምኩ።
ወረቀቷን አጠፍኳት፣ እጥፋቷ በጠባሳው ላይ ሄደ፤
ከውጭ አንድ ተሳቢ፣ ሐረጎን ሊጀምር፣
ማርሹን ሲለውጥ ተሰማ።

ሲነጋ ከግቢው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።
«እኩል ናቸው?» አለኝ።
«እኩል።»
ቀና ብሎ ሳያየኝ፣
ጥፍሩ ላይ ቀለም ያለበትን አውራ ጣቱን
ቀስ አድርጎ
ኪሱ ውስጥ ከተተው።